ዓለምነህ በሁለት መታወቂያ

የመርሳው መካኒክ ዓለምነህ አፋር ክልል፣ ሎጊያ ከተማ፣ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው ተዘግቶ ሠራተኛው ሲበተን እሱም መርሳ ወዳለችው ሚስቱ ተመለሰ። ቆይቶ፣ “የስንብት ክፍያ የምትፈልጉ፣ የተቀጠራችሁበትን መታወቂያ ይዛችሁ በአካል ኑ” የሚል ስልክ ተደወለለት።

ያስፈራው ይኸው መታወቂያ ነው። ሲቀጠር የሎጊያ ነዋሪ ነኝ ብሎ አውጥቶታል፤ የመርሳውንም አልመለሰም። ጊዜው ደግሞ ክፉ ነው፤ በየኬላው “የየት ነህ?” ይባላል።

“ይቅርብን” አለችው ሚስቱ ቤዛዊት።

“መውለጃሽ ደርሷል። በምን ላርስሽ?”

የሎጊያውን ካልሲው ውስጥ ሸሽጎ ከወልድያ ሚኒባስ ተሳፈረ። ሐራን አልፈው ጭፍራ ሳይደርሱ፣ አንድ ኬላ ላይ ታጣቂዎች አስወረዷቸው። አንዱ ኪሱን ፈትሾ፣ “ጫማህን አውልቅ” አለው። የሎጊያው መታወቂያ ከካልሲው ወጣ።

“ሁለት መታወቂያ! ማን ላከህ?”

“ማንም። የፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ፣ ጌታዬ።”

“ሠራተኛ መታወቂያ በካልሲ ይደብቃል?”

ቆርቆሮ ቤት አስገብተው ዘጉበት። የሚኒባሱ ሞተር ሲነሳ ሰማ። ጥለውት ሊሄዱ ነው። እዚህ ቢቀር ማን ያውቃል? “ገብርኤል፣ ልጄን ሳላይ አትውሰደኝ” አለ።

ከውጭ የሴት ጩኸት ተሰማ። ናጅዋ ነች፤ ፋብሪካው በር ላይ ሻይ ትሸጥ የነበረች፣ በዚሁ ሚኒባስ ከኋላ ወንበር የተሳፈረች። መኪናው ፊት ቆማለች።

“ወላሂ፣ እሱ ካልወጣ ይሄ መኪና አይሄድም! መካኒክ ነው። ስንት ጊዜ በግሪስ እጁ ሻዬን ጠጥቷል!”

ታጣቂዎቹ ተንሾካሾኩ። በሩ ተከፈተ።

“አንዱን ምረጥ” አለው የፈተሸው ታጣቂ። “ሌላውን እቀደዋለሁ።”

የመርሳውን ቢመርጥ ክፍያው ይቀራል፤ የሎጊያውን ቢመርጥ ባገሩ እንግዳ ይሆናል። ቤዛዊትን አሰበ። “የሎጊያውን” አለ። የመርሳው ዓይኑ እያየ ተቀደደ።

ሎጊያ ደርሶ ፈረመ፤ ክፍያውም ባንክ ገባለት። በመጣበት መንገድ መመለስ ግን አልደፈረም፤ በባቲ፣ በኮምቦልቻ ዞረ። አሁን ደግሞ የሚያስፈራው የገዛ አገሩ ኬላ ሆነ። ደሴን እንዳለፉ አንድ ሚሊሻ መታወቂያውን ገልብጦ፣ ፊቱን ትኩር ብሎ አየው።

“ከሎጊያ እዚህ ምን ፈልገህ መጣህ?”

“ሚስቴ መርሳ ናት። ልትወልድ ነው።”

ሚሊሻው፣ “በሰላም ትገላገል” ብሎ መታወቂያውን መለሰለት።

ቤዛዊት ሴት ልጅ ወለደች። ዓለምነህ ዛሬ መርሳ ላይ ባጃጅ ይጠግናል። ወልድያ ድረስ መለዋወጫ ለመግዛት እንኳ ሰው ይልካል እንጂ፣ እሱ መኪና አይሳፈርም።