የሳባ ስም ከድሮው መዝገብ ሲወጣ

ዛሬ ጠዋት ሥራ ላይ ሳለሁ የሳባን ስም ስክሪኑ ላይ አየሁትና እጄ ቆመ።

ሳባ ዓዲ ሓቂ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን የተማርን ጓደኛዬ ናት። ከተለያየን ዓመታት አለፉ፤ ስልኬ ሲጠፋ ቁጥሯም አብሮ ጠፋ።

የተማርንበትን ኮሌጅ የድሮ መዝገብ ወደ አዲስ ፕሮግራም እያዛወርኩ ነበር። የድሮው «ተማሪ» ክላስ፣ ማለትም የመረጃው ቅርጽ፣ ከአዲሱ «ምሩቅ» ክላስ ጋር ዝምድና ስለሌለው፣ አንዱን በቀጥታ ወደ ሌላው ልቀይር ስል ኮዱን የምጽፍበት ቋንቋ ጃቫ እምቢ አለኝ። ጃቫ ደግሞ አማላጅ አይሰማም።

ያለው አማራጭ አዲስ ኦብጀክት፣ እንደ ባዶ የምሩቅ ቅጽ ያለ፣ ፈጥሮ ስሙንም ስልኩንም አንድ በአንድ መገልበጥ ነው። ኮዱን ጽፌ ሳስኬደው ሳባ ከነስልኳ መጣች።

«ቁጥሩ መሥራቱን ላረጋግጥ» ብዬ ራሴን አታልዬ ደወልኩ። ያነሱት እናቷ ናቸው።

«ሳባ እዚህ የለችም፣ ጓለይ፣ ልጄ። ርቃ ሄዳለች። ስትደውል ማን ልበላት?»

ስሜን ነገርኳቸው።

«አንቺ ነሽ? እሷም ቁጥርሽን ስትፈልግ ነበር።»

ቁጥሬን ሁለት ጊዜ አስጻፍኳቸው። እስካሁን አልደወለችም፤ እኔም ስልኬን ከእጄ አልለየሁም።

እናንተስ፣ የድሮ ቁጥር ላይ ደውላችሁ ማን አነሳላችሁ?