የጎሹ ሹመት

ጎሹን ከሹመቱ በፊት አውቀዋለሁ። የወባ መድኃኒት ረጪ ነበር። ፓምፑን ተሸክሞ ከጓንግ ወንዝ ወዲህ ያሉትን መንደሮች ሲዞር፣ ፀሐይ ስትበረታበት ዛፍ ሥር ይተኛና ባልገባበት ቤት በር ላይ «ተረጭቷል» ብሎ በኖራ ይጽፋል። ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ውሸቱ እንጀራ እንደሚሆነው ግን ማንም አልጠረጠረም።

አብዮቱ ሲመጣ ጎንደር ሄዶ ሦስት ወር ሠለጠነና ካኪ ለብሶ ተመለሰ። በስብሰባ ላይ ከሁሉ አብልጦ የሚጮኸው እሱ ነበርና በ1971 የወረዳችን አስተዳዳሪ አደረጉት። እኔ የክሊኒኩ ድሬሰር ነበርኩ፤ ቢሮው ፊት ለፊታችን ስለሆነ ሥራውን በዓይኔ አይቻለሁ። መንገድ አላስጠረገ፣ ጉድጓድ አላስቆፈረ። ባለጉዳይ ሽማግሌ በር ላይ አቁሞ ማዋል፣ አባቱ የሚሆነውን ሰው «አንተ» ማለት፣ ይኸው ነው።

በ1974 ጥቅምት ከጎንደር ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ሰሊጥ የደረሰበት ሳምንት ነው። ጎሹ ገበሬውም፣ ከደጋ ለአጨዳ የወረደው የቀን ሠራተኛም ሥራ አቁሞ መንገድ ዳር እንዲሰለፍ አዘዘ። በኮኪት መንገድ እርሻ ያላቸው ባልቴት፣ ወይዘሮ ሸዋዓለም፣ ቀርበው ለመኑት።

«ጓድ አስተዳዳሪ፣ ሰሊጤ ደርሷል። ዛሬ ካልታጨደ ነገ አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ነው የሚፈስ። ሠራተኞቼን ይተዉልኝ፤ እኔ እቆማለሁ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እንግዶቹ ካንቺ ሰሊጥ ይበልጣሉ! ግቢ ወደ ሰልፍሽ!»

ተሰለፍን። የመጀመሪያው ቀን አለፈ፤ ማንም አልመጣም። በሁለተኛው ቀን ከወይዘሮ ሸዋዓለም ሠራተኞች አንዱ፣ ቢሻው የሚባል የጎጃም ሰው፣ ወባ ተነሥቶበት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወደ ክሊኒክ ልውሰደው ብዬ ጎሹን ጠየቅሁት። ጃንጥላ ተዘርግቶለት ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«እንግዶቹ ሲደርሱ ሰልፉ ተሸራርፎ ያግኙት? ባለበት ይጠብቅ» አለኝ።

ፈራሁ፤ ጠበቅሁ። ማታ ሰልፉ ተበትኖ ቢሻውን ስናነሣው ራሱን አያውቅም ነበር። በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈ። እንግዶቹ እኛ ዘንድ ሳይደርሱ ከጭልጋ መመለሳቸውንም የሰማነው ያን ዕለት ነው።

ጎሹ በቀብሩ ላይ ንግግር ካላደረግሁ አለ። አፈር እየተመለሰ «ጓድ ቢተው ለአብዮቱ ተሰዋ!» ብሎ ሲጮህ ወይዘሮ ሸዋዓለም አቋረጡት።

«ስሙ ቢሻው ነው። ለማንም አልተሰዋም፤ አንተ ነህ የገደልኸው።»

እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ። የቢሻው አገር ሰዎች ማጭዳቸውን እንደያዙ አንድ እርምጃ ጠጋ አሉ። ያን የመሰለ ጯሂ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ንግግሩን ሳይጨርስ ወደ መኪናው ሮጠ። ሰው እያለቀሰ ሳቀበት።

አቅሙ የቻለው ሴትዮዋን ነው፤ በማግስቱ አሥራ ሁለት ቀን አሳሰራቸው። ሰሊጣቸው ፈሶ አለቀ። ለበላዮቹ ግን ሕዝቡ በገዛ ፈቃዱ ሁለት ቀን እንደተሰለፈ ጻፈ። ወደ አውራጃ አሳደጉት።

በ1983 ሠራዊቱ ሲፈታ ጎሹ በጭነት መኪና መተማ ደርሶ ወደ ሱዳን፣ ወደ ገላባት ተሻገረ። አሰበች የምትባለው ሚስቱ አልተከተለችውም፤ ገንዳ ውሃ ከተማ ገብታ ሻይ ቤት ከፈተች።

«ምነው ቀረሽ?» አልኳት።

«እሱም ነይ አላለኝ፤ እኔም ልሂድ አላልሁ» አለችና ብርጭቆዎቿን ማጠቧን ቀጠለች።