ኮት ለብሶ በገናሌ ገደል ላይ

ንጋት፣ ነገሌ ቦረና

ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። ሾፌሩ ጉታ ጋቢናውን ለእኔ ለመንገድ መሪው ለቀቀልኝ፤ ይገባኛልም። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደልን ከስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ የቆጠርኩ፣ ኦሮምኛን ከግመል ነጋዴዎች የለቀምኩ ሰው ነኝ። ይህን አገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣ!

ከኋላችን የተቀመጠው ወጣት የመንገድ ቢሮ ሰው ነው፤ የገናሌን ገደል መሻገሪያ «ሊያይ» መጥቷል። ከእሱ በፊት የመጡትም አይተው ሄደዋል። በዚህ ቆላ ኮት ለብሷል።

ረፋድ፣ ገደሉ

አቧራ፣ ግራር፣ ኩይሳ፤ ከዚያ መንገዱ ገደል አፋፍ ላይ አለቀ። መሻገሪያው በገደሉ ወገብ ላይ የተረበረበ የበሰበሰ ግንድ ነው። በአለቱ በኩል አንድ ገመድ ተዘርግቷል፤ ከሥር ወንዙ ያጓራል። ሁለት ሰው አያስተላልፍም። ስለዚህ ከማዶ ያለው ሰው «ኮቱ!» ሳይል ማንም አይገባም፤ በኦሮምኛ «ና» ማለት ነው። ይህን ላስረዳው ስጀምር፣

«አባባ፣ እኔ መሐንዲስ ነኝ» ብሎኝ ገባ።

መሐል ላይ ሲደርስ ደርቆ ቀረ። ከማዶ ሰዎች «ኮቱ! ኮቱ!» እያሉ ጮኹ። ሰውየው ኮቱን አየ፤ ገመዱን በአንድ እጁ ለቆ ቁልፉን መፍታት ጀመረ!

«ና ነው የሚሉህ! ገመዱን ያዝ!» አልኩት።

ጉታ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ኮቱን ለወንዙ ሊሸልም ነው እንዴ?»

መሐንዲሱ በጉልበቱ እየዳኸ ተሻገረ። ማዶ ግን ዳራርቱ የምትባል እናት ትኩሳት ያነደዳትን ልጇን አዝላ ቆማ ነበር፤ ነገሌ ሐኪም ቤት ልታደርሳት። ሰውየው ሲዳክር ልጅቷ አንገቷን ጥላለች። እናትየዋ ገባች። ፊቷን ወደ አለቱ አድርጋ በጎኗ ተራመደች። እኛ ዘንድ ስትደርስ ከተረከዟ ኋላ አንድ ግንድ ተገንጥሎ ወደ ወንዙ ወረደ።

«ይጠብቁኝ እንጂ!» አለ መሐንዲሱ ከማዶ።

«ሌላ ግንድ እስኪያመጡልህ ድረስ እየው! ልታይ አይደል የመጣኸው?» አልኩና ጉታን «ንዳ!» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ፣ ነገሌ

ሐኪሟ ልጅቷን መርፌ ወጋቻት። ጥቂት እንደጠበቅን ልጅቷ ዓይኗን ገለጠችና ውኃ ጠየቀች። ዳራርቱ እጄን ይዛ መረቀችኝ፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ በኦሮምኛ ጠየቀችኝ፦

«አባ፣ አሁን በየት በኩል እንመለሳለን?»

ይህን አገር የማውቀው እኔ፣ ዞር ብዬ ጉታን መንገድ ጠየቅሁት።