ለሹመት የተፈለገ አበልጅ

ባሌ ወንድሜነህ፣ ሰው ሥራውን አክብሮ ከሠራ እድገት በራሱ ጊዜ ይመጣል ብሎ የሚያምን የዋህ ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ አርሊንግተን አንድ ሕንፃ ሥር ፓርኪንግ የማታ ሺፍት ሲገባ ፀጉሩ ሸበተ። ሱፐርቫይዘር ቢሆን ግን ቀን ይሠራል፤ ልጃችንን ቤዚን ሳትተኛ ያገኛታል። ቤታችን ውስጥ የሚጠበቀው ይኸው ብቻ ነበር።

የዋህነቱን ያበላሸችው የእህቴ ልጅ ሳሌም ናት። እዚሁ ተወልዳ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የምታጠና ልጅ ናት፤ የምትጽፈው ዛር በሚባሉት ነገሥታት ዘመን ስለነበሩ የሩሲያ ዲፕሎማቶች ነው። አንድ እሑድ ላንድማርክ ሰፈር እኛ ቤት ምሳ እየበላን ወንድሜነህ ስለ ጥናቷ ጠየቃት።

«ሪፖርት አሳምሮ የሚጽፈው እኮ ሩቅ አገር ቆንስላ ውስጥ ያረጃል» አለችው። «የሚኒስትሩ ሚስት የምታውቀው ደግሞ ፓሪስ ይመደባል። ፕሮሞሽን በሰው ነበር፤ በአጎት፣ በአማች፣ በክርስትና አባት።»

ወንድሜነህ መብላቱን ተወ። «እነሱም ኦርቶዶክስ ናቸው አይደል?» አላት።

«አዎ፣ ናቸው» አለች፤ ምን እንደለኮሰች የት አውቃ።

እኔ ግን ገባኝ። አራሱ ልጃችን ሚናስ ገና ክርስትና አልተነሣም ነበር። የባሌ ማናጀር ደግሞ ጊዲዮን የሚባል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የእኛው አገር ሰው ነው።

«ለልጁ የክርስትና አባት ነው ወይስ ለራስህ ሹመት የምትፈልገው?» ብዬ ተቆጣሁ።

«አንቺ ደግሞ ነገር አታክርሪ» አለኝ።

ጊዲዮን ሲጠየቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሚናስን ታቅፎ ክርስትና አስነሣው፤ አበልጅ ሆንን። ብዙም ሳይቆይ የሱፐርቫይዘሩ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ባሌ ፊቱ አመድ መስሎ ገባ፤ እኔም እልህ ያዘኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ጊዲዮን ለሚናስ ጫማ ይዞ መጣና ነገሩን ራሱ አነሣው።

«ወንድሜነህ፣ የካምፓኒውን ሕግ ታውቃለህ፤ ሰው ዘመዱን ለእድገት አያቀርብም። ስምህን ያስገባሁት ክርስትናው ሳይታሰብ በፊት ነበር። አበልጅ ስንሆን ግን ሄጄ፣ ዘመዴ ነው ብዬ አስወጣሁት።»

«በምንድን ነው የምንዛመደው?» አለ ባሌ።

«እነሱም እንደዚሁ ጠየቁኝ። ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል፣ ልጆቻችን እንኳ አይጋቡም አልኳቸው። አልገባቸውም፤ ግን ተቀበሉኝ። ምን ላድርግ? እግዚአብሔር ፊት አቅፌዋለሁ። አላውቃቸውም ልበል?»

እንዳንቆጣው እውነቱን ነው። እንዳናመሰግነው የባሌን እንጀራ ዘግቶበታል። ለካ አበልጅ ሁነን ባንለው ኖሮ ቦታው የባሌ ነበር። ሳሌም እዚያው ተቀምጣ ስለነበር፣ «ሩሲያ እንዲህ ሲሆን ምን ያደርጉ ነበር?» አልኳት፤ ንዴቴን የማሳርፍበት ሰው ፈልጌ ነው።

«አክስቴ፣ እንዲህ ያለ ፓትሮን፣ ማለቴ ሰው የሚያሾም ባለሥልጣን፣ አላጋጠመኝም» አለች።

ወደ ማታ ሲሆን ወንድሜነህ ተነሥቶ ጃኬቱን ለበሰ፤ ሺፍቱ ደርሶ ነበር። ቤዚ ፒጃማዋን ለብሳ ከመኝታ ቤት ብቅ አለች። እሷን አየ፣ ጊዲዮንን አየ፣ ቁልፉን አነሣ።

«እንግዲያው ዘመድ ከሆንክ፣ ቤዚን አንተ አስተኛልኝ» አለውና ወጣ። ተቆጥቶ ይሁን ለምኖት፣ እኔ እስካሁን አልገባኝም።