ጋሪው ቀድሞ ፈረሱ ሲከተል

እኔን ብሎ እንግሊዝኛ አዋቂ! ምን ጥልቅ አደረገኝ? በቀበሌው መሠረተ ትምህርት እንኳ ገና «ሀ» ላይ እንቅልፍ የወሰደኝ ሴት ነኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ልጄ እዚሁ ሮቤ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል ትማር ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ጥግ ይዛ አኮረፈች።

«ምን ሆነሽ?»

«አስተማሪው የፈረንጅ አባባል ሰጠን። ‹ጋሪውን ከፈረሱ አታስቀድም› ይላል። ነገ ከሰፈራችሁ ምሳሌ አምጥታችሁ ክፍል ፊት ተናገሩ አለን። እኔ ምንም አልመጣልኝም።»

ሳቄ መጣ። ከተማችን ሮቤ ጋሪ በጋሪ ናት፤ እንዲህ የሚያደርግ ጅል ግን አንድም አላየሁ።

«እማዬ፣ ኋላ የሚሆነውን ቀድመው ሲያደርጉት ማለት እኮ ነው!»

«እንዲያ ከሆነማ ጎረቤታችን አለችልሽ!» አልኩ፣ ምላሴን ይቁረጠውና።

ያኔ ስኳር የሚታደለው በቀበሌ ነው፤ ሠርግ ያለበት አመልክቶ ይጨመርለታል። ጎረቤቴ ወንድ ልጇን ልትድር ሽማግሌ ልካ፣ የልጅቱ አባት ገና መልስ ሳይሰጡ፣ «ሠርግ አለብኝ» ብላ ስኳሩን አውጥታ አልጋ ሥር ከታዋለች።

ልጄ ይህንኑ ተናገረች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ አስተማሪውም «ጎበዝ!» አላት። ያልሳቀች አንዲት ተማሪ ብቻ። ለካ ለጋብቻ የተጠየቀችው ልጅ ታናሽ እህት ናት!

ሽማግሌዎቹ መልስ ሊሰሙ ቢሄዱ፣ አባትየው «ልጄን ሳልሰጥ ስኳር ፈርመውባታል፤ ንቀውኛል!» ብለው መለሷቸው። ጎረቤቴ አለቀሰች። ልጇም እህል አልቀምስ አለ።

ምን ላድርግ? ነጠላዬን ደርቤ አባትየው ዘንድ ሄድኩ።

«አካም ኦልተን፣ ሐጂ። ወሬው የወጣው ከኔ ቤት ነው፤ የሚቆጡም ከሆነ እኔን ይቆጡ። ሴትዮዋ ንቃዎት አይደለም። የእርስዎን ልጅ ዓመትም ቢሆን ትጠብቃለች፤ የቀበሌ ስኳር ግን እስከ ሐሙስ አይጠብቅም!»

ሳቃቸው አመለጣቸው። «ወላሂ፣ ቀበሌው ይህን ምላስሽን ቢያውቅ ሊቀመንበር ያደርግሽ ነበር። በይ፣ ሽማግሌዎቹ ጁምዓ ይምጡ።»

መጡ፤ ልጅቱም ተሰጠች። እኔም ምስጋና ልቀበል፣ ደረቴን ነፍቼ ጎረቤቴ ቤት ገባሁ።

ቀና ብላ አየችኝና፣ «ማስታረቁን አስታርቀሻል፤ ያጣላሽንም ግን አንቺው ነሽ። ምርቃት ከፈለግሽ ሌላ ቤት ሂጂ» አለችኝ።