ይቅር አላልኩትም

ፊደል እየቆጠርኩ የማነብ ሴት ሆኜ ለመጻፍ መድፈሬን አትቀየሙኝ። ሆዴ ነዶ ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ በልብስ ንጽሕና ቤት አንሶላ ስተኩስ ኖርኩ። ልጄ "እማዬ፣ ታሪክሽ መጽሐፍ ይሁን" ብላ ጸሐፊ ቀጠረችልኝ። ሰውየው ሳወራ አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማኛል። አመንኩትና ለማንም ያላወራሁትን ነገርኩት። መተኮሻ ማሽኑ እጄን ሲይዘው አለቃችን "መጀመሪያ አንሶላውን አውጡት፣ እንዳይቃጠል!" ብሎ ነበር የጮኸው።

በቀደም ማታ ጸሐፊው መጥቶ ሳለ ልጄ የጻፈውን አነበበችልኝ። "አለቃዬን እያለቀስኩ ይቅር አልኩት" ይላል።

"ማነው ይቅር ያለው?" አልኩ።

ጸሐፊው ፈገግ አለ። "እትዬ፣ አንባቢ እኮ በቂም የሚያልቅ ታሪክ አይወድም።"

"ታዲያ አንባቢው ይቅር ይበለዋ! የተቃጠለው የሱ እጅ ነው?"

"እማዬ፣ ኧረ ቀስ! እንግዳ ነው" አለች ልጄ።

"እንግዳ ከሆነ እኔን ሆኖ አያውራ! አንተ፣ እኔ ሳለቅስ አይተኸኛል?"

እስከዚያች ሰዓት "እርስዎ" ነበር የምለው። እሱም "ነገ ቀዝቀዝ ሲሉ እናወራለን" ብሎ ወጣ።

እኔ ግን አልቀዘቀዝኩም። የሰው ደጅ ለማንኳኳት የማፍረው እኔ በማግስቱ ጠዋት ቤቱ ሄጄ በሩን ደበደብኩት። ፊቱን ሳይታጠብ ወጣ። ያንን መስመር እፊቴ አሰረዝኩት። በምትኩ የጻፈውን "ይቅር አላልኩትም" የሚለውን ጣቴን ከሥሩ እያስኬድኩ፣ ፊደል በፊደል፣ ጮክ ብዬ አነበብኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።