ባለ ሁለት ጥርሱን ተክል ስጠብቅ

ሥራ የገባሁ ቀን ሐጂ ሙሳ ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም። አንድ የኒም ችግኝ አቀረቡልኝና «ጣትህን ክተት፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ» አሉኝ። ከተትኩ። «ምን አገኘህ?» ሲሉኝ «ላዩ ደርቋል፣ ታቹ እርጥብ ነው። እርስዎ ዛሬ አላጠጡትም፤ ትናንት ማታ ነው ያጠጡት» አልኳቸው። ዞር ብለው ከኋላቸው ተመለከቱ። «እርስዎ የምትለው ማንን ነው? ከኋላዬ ሰው አለ እንዴ? አቦ፣ እዚህ ድሬ ነው፤ አንተ በለኝ!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊት ለፊት «አንተ» አልኳቸው። ስጽፍ ግን እጄ እምቢ ይላል። አያቶቼ ለባቡር ሥራ ከደጋ የወረዱ ናቸው፤ ከእነሱ የቀረ ነገር ይሆናል።

የችግኝ ጣቢያው መጋላ ሰፈር፣ ከሐጂ ቤት ጀርባ ነበር። ሦስት ሠራተኞች ነበርን። ዝቅተኛው አጠጪ ነው። ከእሱ በላይ ቅርንጫፍ እየቆረጠ የሚተክለው ይመጣል። ከሁሉ በላይ ዘር የሚያፈላው ነው። እኔ በሁለት ዓመት ዘር አፍይ ሆንኩ። ትምህርት ቤት ያስተማረኝ ሥራ አልነበረም፤ ስልኬ ላይ እያየሁ፣ እየሞከርኩ፣ ቀኑንና የሞተውን በደብተር እየጻፍኩ ነው የተማርኩት።

የሐጂ ልጅ ሰሚራ እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ጫማ ትሸጣለች። አንድ ጊዜ ዕቃ ልታመጣ ባንኮክ ሄዳ በስልኳ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ነፍሳት የሚበላ ተክል ነው። ከቅጠሉ ጫፍ ክር ይወጣል፤ የክሩ ጫፍ ያብጥና ክዳን ያላት ትንሽ ገንቦ ይሆናል። ዝንቡ የገንቦዋ አፍ ላይ ያዳልጠዋል፤ ውስጧ ባለው ውኃ ውስጥ ይወድቃል፤ አይወጣም። የፎቶው ተክል ደግሞ ብርቅ ነበር። ከክዳኑ ሥር እንደ እባብ ጥርስ ወደ ታች የወረዱ ሁለት ሹል ነገሮች አሉት።

ሐጂ ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ። «ዝንብ ከሆነ የሚበላው፣ መጋላ አያስርበውም» አሉ።

ሰሚራ የሁለት ዓይነት ዘር ገዝታ መጣች፤ አንዱ በየቦታው የሚገኘው ተራ ዓይነት፣ ሌላው ባለ ሁለት ጥርሱ። ሻጩ ለየብቻ ነበር የሰጣት። እሷ ቦታ ለመቆጠብ አንድ ወረቀት ላይ ገልብጣ ጠቀለለቻቸው። ስትሰጠኝ ፊቴን አይታ «ምን አጠፋሁ? ሁለቱም እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው እኮ!» አለች። ጥፋት ነበር። የእኔ ግን ባሰ።

ዘሩ በተዘራበት ሳምንት አንድ ስምምነት ተደረገ። ሰሚራ የችግኝ ጣቢያውን ቦታ ለጫማ መጋዘን ፈልጋዋለች። እውነቷን ነው፤ ኒምና ፓፓያ ለቦታው የሚመጥን ገንዘብ አያስገቡም ነበር። ሐጂ «ጥርሱ እስኪታይ አይነካም። ከወጣ ቦታው የተክል ነው፤ ካልወጣ ያንቺ» አሏት። አዲስ አበባ ያለ አንድ የአበባ ነጋዴ፣ ጥርሱን በዓይኑ ካየ የምናባዛውን ሁሉ ሊወስድ ቃል ገብቶልን ነበር። ስለዚህ የሦስታችንም እንጀራ ገና ባልበቀለ ተክል አፍ ውስጥ ተንጠለጠለ።

የመጀመሪያው ጠላት የድሬ ውኃ ነው። በራዳችሁን ከፍታችሁ እዩት፤ ታቹ ነጭ ቅርፊት ነው። ይህ ተክል ያንን አይችልም። ጥቁር ሳህን ላይ አንድ ጠብታ የቧንቧ ውኃ፣ አጠገቡ ደግሞ ከአየር ማቀዝቀዣ ማሽን፣ ከኤሲ፣ የሚንጠባጠበውን ውኃ አስቀምጬ ፀሐይ ላይ አዋልኩት። የቧንቧው ሲደርቅ ነጭ ቀለበት ተወ። የኤሲው ምንም አልተወም።

ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ንጹሕ ውኃ ከጋራዥ ለመግዛት አቅም አልነበረንም። ስለዚህ ታይዋን ካለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጀርባ፣ ከኤሲዎቹ ቱቦ ሥር ጀሪካን አኖርኩ። በየማለዳው ሞልቶ አገኘዋለሁ። ዘበኛው አብዲ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ይጀምራል።

«ወሪያ! የማሽኑን ሽንት ልትወስድ መጣህ?»

«አዎ።»

«ምን ታደርገዋለህ?»

«ተክል አጠጣበታለሁ።»

«ለተክል ማሽን ታሸናለህ፣ እኔ በዚህ ሙቀት ጉሮሮዬ ደርቋል! ወላሂ፣ ነገ እኔም ቅጠል አወጣለሁ።»

ሁለተኛው ጠላት አየሩ ነው። ተክሎቹ ሙቀቱን ይወዱታል፤ ድርቀቱ ግን ይገድላቸዋል። ከጥላው መረብ ሥር የላስቲክ ቤት ሠራሁ፤ ወለሉ ላይ ከሰል አፍስሼ ጆንያ አለበስኩት፤ ጆንያውን በቀን አራት ጊዜ አረጠብኩት። ማሰሮዎቹን የሞላሁት የኮኮናት ልጣጭ ብናኝና የተፈጨ ከሰል ነው። ብናኙ ጨው ስላለው ሰባት ጊዜ አጠብኩት። ሰባተኛውን እጣቢ ሳህኑ ላይ አድርቄ ቀለበት አለመተዉን አይቻለሁ።

ከሰባት ሳምንት በኋላ በቀሉ። አርባ አንድ ነበሩ። አንዱ ከአንዱ አይለይም። በዓመቱ እያንዳንዱ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ገንቦ አወጣ፤ አንዷም ጥርስ የላትም። ያ አላስደነገጠኝም። ጥርሱ የሚታየው ተክሉ ሲጎለምስ እንደሆነ አንብቤያለሁ። እስከዚያ አራት ዓመት፣ አምስት ዓመትም ሊፈጅ ይችላል።

በሦስተኛው ዓመት የሱቁ ባለቤት ተቀየረ። አዲሱ ኤሲዎቹን ነቅሎ በማራገቢያ ተካቸው፤ አንድ ብቻ ቀረ። አብዲ ባዶውን ጀሪካን እያወዛወዘ ጠበቀኝ። «ማሽኑ ዳነ» አለኝ። ሌሎች ሱቆች ለመንኩ፤ አንዱ ቱቦውን ከግድግዳ ውስጥ አሳልፎታል፣ አንዱ ውኃውን ለመወልወያ ይፈልገዋል። ሁለት ተክሎችን በቧንቧ ውኃ ሞከርኩ። በአንድ ወር ውስጥ ጠቁረው ሞቱ።

ለሐጂ ነገርኳቸው። «ያለው ውኃ ስንቱን ያኖራል?» አሉኝ።

«አሥራ ሁለት።»

«እንግዲያው አሥራ ሁለት አስቀር። የትኞቹን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።»

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ዘር አፍይ ነኝ፤ ማወቅ ሥራዬ ነው።

ሦስት ቀን ማጉያ መነጽር ይዤ ተቀመጥኩ። የቀሩት ሠላሳ ዘጠኝ ነበሩ። የአንዳንዶቹ ቅጠል ዳሩ ድፍን ነው፣ ልሙጥ። እድገታቸውም ዘገምተኛ ነው። የሌሎቹ ዳር ደግሞ እንደ መጋዝ ጥቃቅን ጥርስ አለው፤ እነዚህ ፈጥነው ያድጋሉ። ደብተሬ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጥርስ የሚያወጣ ተክል ከቅጠሉ ይጀምራል።» ከየትም አላነበብኩትም። የራሴ ሐሳብ ነበር፤ ሳነበው ደግሞ ትክክል መሰለኝ።

ተክሉን የሚያበቅሉ ሰዎች የሚነጋገሩበት ቡድን ስልኬ ላይ ነበረኝ። ፎቶ አነሳሁ፣ ጥያቄዬን ጻፍኩ፣ እንግሊዝኛዬን ደግሜ አየሁትና አጠፋሁት። የማያውቅ ሰው መስዬ መታየት አልፈለግሁም።

መጋዝ ዳር ካላቸው አሥራ ሁለቱን ትልልቆች አስቀረሁ። ሃያ ሰባቱን ነቀልኩ። ልሙጦቹ ሁሉ ከሃያ ሰባቱ ውስጥ ነበሩ። ሥራቸው ጥቁርና ቀጭን ነው፤ ሲነቀል ክር እንደመበጠስ ያለ ድምፅ አለው። በጆንያ አድርጌ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ደፋኋቸው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ በግንቦት ፀሐይ። ለመመለስ እስክነሣ ድረስ ጠውልገው አልቀዋል።

አሥራ ሁለቱ አማሩ። በአምስተኛው ዓመት ግንድ አውጥተው ሽቦው ላይ ተጠመጠሙ። ገንቦዎቻቸው የሰው መዳፍ አከሉ። የአዲስ ገንቦ ክዳን በተከፈተ ቁጥር በባትሪ መብራት ከሥሩ አያለሁ። የመጀመሪያው ተከፈተ፤ ባዶ ነው። ገና ነው አልኩ። ሁለተኛው ተክል፣ አምስተኛው፣ ዘጠነኛው። አሥራ ሁለተኛው የተከፈተው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ክዳኑን በእርሳስ ጫፍ ቀና አደረግሁት። ከሥሩ ልሙጥ ነበር።

ያን ጊዜ ፎቶውን ቡድኑ ላይ ለጠፍኩ። ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ አንድ የማላውቀው ሰው መለሰልኝ፦ ተራው ዓይነት ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በመጋዝ መሳይ የቅጠል ዳሩ ይታወቃል፤ ባለ ሁለት ጥርሱ ቅጠሉ ልሙጥ ነው፤ ለማደግም ይዘገያል። ደብተሬን ገለጥኩ። ልሙጥና ዘገምተኛ የነበሩት ተቆጥረው በእጄ ተጽፈዋል። አሥራ ዘጠኝ ነበሩ።

ሐጂ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ስለነበር እየዳሰሱ ነው የመጡት። የገንቦውን አፍ በጣታቸው ዞሩት።

«ጥርሱ የታለ?»

«የለውም።»

«ይቀረዋል?»

«አይቀረውም። ይሄ ተራው ነው። ባለ ጥርሱን እኔ ነቅዬ ጥዬዋለሁ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት።»

ጣታቸውን ከገንቦው አላወጡም። «ስትነቅለው ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«የማውቅ መስሎኝ ነበር።»

«ብትነግረኝ ሁሉንም በትንሽ በትንሹ እናጠጣቸው ነበር። ወይ ውኃ እንለምን ነበር። መጋላ ሰው ጠፍቷል?» ድምፃቸውን አላነሱም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰሚራ አልፎከረችም። የችግኝ ጣቢያው የጥላ መረብ ሲወርድ ራሷ መጥታ አጠገቤ ቆመች። «መጋዘኑ ውስጥ ሥራ አለ፤ ከፈለግህ» አለችኝ። እምቢ አልኳት። ሁለቱ ባልደረቦቼ ገቡ፤ እነሱ ልጆች አሏቸው። በጥፋቴ የሙያ ስማቸውን ያጡት እነሱ ናቸው፤ አንዳቸውም እስካሁን አልወቀሱኝም።

አሥራ ሁለቱን ወደ ተከራየሁት ክፍል ወሰድኳቸው። ውኃ ማመላለሱን ለሦስት ሳምንት ቀጠልኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ጀሪካኑን አንስቼ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ለምን እንደምሄድ አላገኘሁትም። መልሼ አስቀመጥኩት። ገንቦዎቹ ከክዳናቸው ጀምረው ደረቁ።

አሁን ከድሬ ወጣ ብሎ፣ መልካ ጀብዱ፣ ለአንድ ገበሬ የፓፓያ ችግኝ አፈላለሁ። ፓፓያ ወንድና ሴቱ አበባ ሳያወጣ አይለይም። ገበሬው ባለፈው ሳምንት «ወንዶቹን ከአሁኑ ንቀልልኝ፤ አንተ ባለሙያ ነህ» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ቅር አለው።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው። ያልጎለመሰ ተክልን በመልኩ አትምረጡ። መቀነስ ግድ ከሆነባችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በዕጣ ቀንሱ። በዕጣ ቀንሼ ቢሆን ኖሮ ከአሥራ ሁለቱ ግማሽ ያህሉ ባለ ጥርስ ይሆኑ ነበር።